የጀልባው ቀን መርፌ

ኬትሩዌ ደሴት፣ ዲሴምበር 2 ቀን 1991

ይድረስ ለወንድሜ ለባውዲልዮ ካርካሞ፣ በግ ከሰው ወደሚበዛበት አገር።

እንደምን ሰነበትህ? እኛ ዝናቡ እንዳለ ሆኖ አለን። ደብዳቤህን ዓሣ አጥማጆቹ አመጡልኝ። ጥግ ጥጉ ረጥቦ ስለነበር ምድጃው አጠገብ አድርቄ ነው ያነበብኩት። ወር ሙሉ ድምፅህን አጥፍተህ ስታበቃ አንድ ገጽ ብቻ መጻፍህን ግን በዝናቡ አታሳብብ።

ጥያቄህን በተራ ልመልስ። ጣሪያው ያፈስሳል። አሳማዋ ሰባት ወልዳ አንዱ ሞተባት። ድንቹ ደህና ነው። ኖኤሚ ትበላለች፣ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ቁመቷም ጨምሯል። ከስምንት ዓመት ልጅ ይልቅ የአሥር ዓመት ትመስላለች። «አባቴ የት ሄደ ብላ ትጠይቃለች ወይ?» ላልከው፣ አትጠይቅም። አንድ ቀን እንኳ ጠይቃ አታውቅም። ደስ የሚልህ ከሆነ ደስ ይበልህ።

መርፌዋን አደራ ማለትህን አይቻለሁ። ይሄ ለቄስ ጸሎት ማስተማር ነው! የጉሮሮዋ ሕመም ወደ ልቧ መውረዱን መጀመሪያ የጠረጠርኩት እኔ። በየሃያ ስምንት ቀኑ ፔኒሲሊን ካልተወጋች ልቧ እየተበላሸ እንደሚሄድ ቁጭ አድርጌ ያስረዳሁህም እኔ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ጤና ኬላ ረዳት ሆኜ የኖርኩትን ሴትዮ አደራ ትለኛለህ።

የኖቬምበሩ የሕክምና ጀልባ በሰዓቱ መጥቶ ነበር። ባሕሩ ስላስቸገረ ሐኪሟ ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። ዝርዝሩን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ኖኤሚ ሰላም ብላሃለች።

እህትህ ፊሎሜና


ከእርባታው፣ ዲሴምበር 14 ቀን 1991

እታለሜ፣

ቁጣሽ በደህና ደርሶኛል። ጤናሽን ያወቅሁት በእሱ ነው። አንቺ ያልተቆጣሽ ቀን ነው መፍራት።

እኔ ደህና ነኝ። በቀን መቶ ሃያ በግ እንሸልታለን። ወገቤ ታጥፎ ሊቀር ነው፤ ስመለስ አዛውንት ብለሽ ወንበር እንዳትለቂልኝ። ማታ ማታ ሁሉም ጥግ ጥጉን ይይዛል። አንዱ ከውሻው ጋር ያወራል፣ አንዱ ከማቴ ሻይ ኩባያው ጋር። እኔ ውሻ ስለሌለኝ ከአንቺ ጋር አወራለሁ። አንቺ ግን መልስሽ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል።

አሁን ቀልዱን ልተው። «ዝርዝሩን ሌላ ጊዜ» ያልሻትን ነገር አልወደድኳትም። ባሕሩ አስቸገረ አልሽ፣ ሐኪሟ ተመለሰች አልሽ። ተወጋች ግን አላልሽም። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት፣ የለም። እውነቱን ንገሪኝ፣ በሞቴ!

ሳልሰናበታት መምጣቴን ደግሞ በነገር ወጋ እያደረግሽ ታስታውሺኛለሽ። አዲስ ነገር የፈጠርኩ አስመሰልሽኝ እኮ። እዛ ወደብ ላይ እንባ ከፈሰሰ ባሕሩ ይቆጣል ሲባል አብረን አይደል ያደግነው? ማን ነው ከደሴቲቱ ልጁን ተሰናብቶ የወጣው? ማርች ላይ አባትሽ ይመጣል በያት። ሱቅ ውስጥ ቀይ ቦት ጫማ አይቼላታለሁ። እክሳታለሁ።

ባውዲልዮ


ኬትሩዌ፣ ዲሴምበር 27 ቀን 1991

ባውዲልዮ፣

የገናን በዓል እንዴት አሳለፍከው ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ይቅርታ አድርግልኝ፣ አልቻልኩም። ዋሽቼሃለሁ። ባሕሩ አላስቸገረም፤ መስታወት ነበር። ኖኤሚ ሰላም አላለችህም። መርፌዋንም አልተወጋችም። በኖቬምበርም፣ በዚህም ወር።

ያን የሄድክበትን ቀን ላስታውስህ፤ ለራስህ እንዴት አድርገህ እንደምትተርከው ስለማላውቅ። ልጅቷን አልጋው ላይ በደረቷ አስተኛናት። አንተ እጇን ይዘሃል። የሕክምናው ጀልባ ሲመለስ ይዞህ ሊሄድ ወደብ ላይ ይጠብቅሃል፤ ሻንጣህ ከጠዋት ጀምሮ ውስጡ ነው። እኔ «ዓይንሽን ጨፍኚና ቀስ ብለሽ እስከ መቶ ቁጠሪ፣ አያምም» አልኳት። አርባ ስትደርስ እጅህን ቀስ አድርገህ አወጣህና የእኔን ጓንት አስያዝካት። ስድሳ ላይ መርፌውን ጨረስኩ። ልጅቷ ታማኝ ናት፣ እስከ መቶ ቆጠረች። ዓይኗን ስትገልጥ የጀልባው ሞተር ወደ ባሕሩ ከሾለው ድንጋይ ወዲያ ማዶ ይሰማል። አላለቀሰችም። እጇ ላይ ያለውን ጓንት አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

በኖቬምበር የሞተሩ ድምፅ እንደተሰማ ተሰወረች። ጀልባው ከሄደ በኋላ ቁጥቋጦ ውስጥ በስብሳ አገኘናት። በዲሴምበር ደግሞ ከእሑድ ጀምራ ቦት ጫማዋን ሳታወልቅ ተኛች፤ ሲያስፈልጋት ለመሮጥ። ማክሰኞ ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሥር ያገኘናት ባሕሩ ከወደቡ መሸሽ ከጀመረ በኋላ ነው። የጀልባው ሰው «ውሃው ካለቀ እዚሁ ጭቃ ላይ ነው የምንቀረው!» እያለ ይጮሃል። ዶክተር ማግዳ ወደብ ላይ ተንበርክካ በማዳመጫዋ አንድ ደቂቃ ብቻ ሰማቻት። ከዚህ በፊት ያልነበረ ድምፅ አለ አለችኝ፣ እንደ ወናፍ የሚነፍስ። አንድ ሁለት ወር እንዲህ ካለፈ የልቧ በር መዝጋት ያቅተዋል፤ ያኔ መርፌም አይመልሰውም አለች። መድኃኒቱን ደግሞ ሐኪም በሌለበት እንዳልሰጥ ተከልክያለሁ፤ የማይስማማው ሰው ድንገት ሊሞት ይችላል።

እዚህ እናቶች ልጅ ሲያስቸግራቸው ምን እንደሚሉ ታውቃለህ። «ዝም በል፣ ፊሎሜናን እጠራታለሁ! መርፌዋን ይዛ ትመጣለች!» ሠላሳ ዓመት ሙሉ የልጆች ጅብ ሆኜ ኖርኩ። መንገድ ላይ ሲያዩኝ ከእናታቸው ቀሚስ ሥር ይገባሉ። የድንች ቂጣ ጋግሬ ሚልካኦ ብሉ ብል አንድ ልጅ ደጄን አይረግጥም። ለምጄው ነበር። አሁን ግን እዚሁ ቤት ውስጥ አብራኝ የምትኖረዋ ልጅ ኮቴዬን ስትሰማ ጫማዋን ትፈልጋለች። ይሄን አልለመድኩትም ወንድሜ።

ማርች ይመጣል አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ሾርባዋን መብላት ቀጠለች።

ፊሎሜና


ከእርባታው፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 1992

ውድ እህቴ፣

እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው በሰው እጅ የማስጽፈው።

ያዟት! ልብ ነው የምታወሩት፣ የእግር ውልቃት አይደለም። አስተማሪውን ጥሩት፣ የጀልባውን ሰው ጥሩት፣ አራት ሰው ከዚያ ደሴት አይጠፋም። ትጩህ። ጮሃ ትድን። ከፈለገች ትጥላኝ፣ ከፈለገች ትጥላሽ። አባትሽ ነው ያለው በያት። ሌላ የምለው የለኝም።

ባውዲልዮ

እመቤቴ፣ ይህን የጻፍኩት እኔ ወጥ ቤቱ ሴጉንዶ ነኝ። ያለኝን ጽፌያለሁ። ያላለኝን አልጻፍኩም። ብጠየቅ ግን የምለው ነበረኝ።


ኬትሩዌ፣ ጃንዋሪ 24 ቀን 1992

ባውዲልዮ፣

እንዳልከው አደረግን።

በር ቆለፍን። አስተማሪው እግሮቿን፣ ጎረቤታችን ዱልሴሊና ትከሻዋን፣ የጀልባው ሰው እጆቿን ያዙ። እኔ ወጋኋት። መድኃኒቱ ገብቷል፤ የሚቀጥለው ፌብሩዋሪ 18 ነው። ደስ ካለህ እዚህ ጋ ማንበብ አቁም።

ዓይንሽን ጨፍኚ ብላት እምቢ አለች። አመመኝ ብላ አልጮኸችም። ታውቃለህ ምን እያለች እንደጮኸች? «ማን ነው የሚሄደው? ማን ነው የሚሄደው?» የሁላችንንም ፊት እየዞረች ታያለች። አስተማሪው ትኩሳት መስሎት ግንባሯን ነካ። ዱልሴሊና «ማንም አይሄድም የኔ እናት፣ ማን ይሄዳል?» ትላታለች። እኔ ግን ገብቶኝ መርፌውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ይህች ልጅ መርፌ አትፈራም! ሰው ሊሄድባት ሲል የሚወጓት ነው የሚመስላት። እኛ ነን ያስተማርናት፤ አንተና እኔ።

ሁሉም ሲወጡ ዶክተር ማግዳ በሩን ዘጋች። ልጄ ልትሆን የምትችል ሴት ናት፤ ግን ተቆጣችኝ፣ ደግ አደረገች። «ፊሎሜና፣ እንዲህ ሆኖ ሁለተኛ አላይም» አለች። «አታስተኟት፣ ቁጭ ትበል። አያምም አትበሉ፣ ያማልና። የትኛው ጭኗ እንደሚወጋ እሷ ትምረጥ። አንድ የምታምነው ሰው ይቀፋት።» እሺ አልኩ። «የምታምነው ሰው ማን ነው?» አለችኝ። የደሴቲቱን ሰው በሙሉ በሐሳቤ ዞርኩ፣ አንድም አላገኘሁላትም። እሷም ገባትና ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች።

አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። አባታችን ሲሄድ አራት ዓመትህ ነበር። ና ድንች እንልቀም ብዬ ወደ ማሳው የወሰድኩህ እኔ ነኝ፤ እናታችን ልካኝ። ከረጢቱ እስኪሞላ አቆየሁህ። ስንመለስ እሱ የለም፣ አልጋው ተነጥፎ አገኘኸው። ሦስት ቀን አልጋው ሥር ተኛህ። አባታችን አልተመለሰም፣ አንተም ከዚያ ወዲህ ድንች ልቀማ ስትባል ታመምኩ ትላለህ። ሰነፍ ነው እያልን ስንስቅብህ ኖርን። ሁለት ጊዜ በዚህ ሥራ ተባባሪ ሆኛለሁ። ሦስተኛ አልሆንም።

ስለዚህ እጠይቅሃለሁ፣ አንተም ትመልስልኛለህ። በእውነት ማርች ትመጣለህ? የማትመጣ ከሆነ እኔ አልዋሽላትም፤ በራስህ እጅ ጻፍላት። እጅ ካልኩ ደግሞ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልከውን ለሌላ ንገር። አንተ በጉን በጉልበትህ ይዘህ እንኳ የምትጽፍ ሰው ነህ። ምን ሆነሃል?

ፊሎሜና


ሪዮ ጋሌጎስ፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1992

እታለሜ፣

በግራ እጄ ነው። ፊደሉን አትሳቂበት።

ጃንዋሪ 3 የሱፍ ጥቅል ስንጭን ገመዱ ቀኝ እጄን ያዘው። ሁለት ጣት የለኝም። ሴጉንዶን ይሄን እንዳትጽፍ ብዬው ነበር። ያን ደብዳቤ ካስጻፍኩ ከሦስት ቀን በኋላ ክንዴ እስከ ብብቴ አበጠ። ወደዚህ ሆስፒታል አመጡኝ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። በቀን ሁለት መርፌ። አያምም እያሉ ነው የሚወጉኝ፤ እንዳንቺው። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እስከ መቶ ቆጠርኩ። ስገልጥ ግድግዳ ነው። እዚያ ነው ልጄ ያየችውን ያየሁት። ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስኩ፣ ለማን ብዬ ልደብቅ።

ድንቹን አላስታውስም። አልጋው ሥር የነበረውን ሽታ ግን አስታውሳለሁ። አልተቀየምኩሽም። ያኔ አንቺም ልጅ ነበርሽ።

ማርች አልመጣም። በዚህ እጅ መሸለት አይቻልም። ደጋው ላይ ካለችው ጎጆ ሆኜ በበረዶው ወራት በጎቹን እንድጠብቅ ተስማምቻለሁ፤ መንገዱ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ይዘጋል። እንዲህ ሆኜ መመለስ አፍሬ ነው ብልም እውነት ነው። የምመጣው በሚቀጥለው ዓመት ማርች ነው። ከዚህ ጋር ያለውን ወረቀት ለእሷ አንብቢላት። አንድ ቃል እንዳታለሰልሺ።

ባውዲልዮ

ለኖኤሚ፣

አባትሽ ነኝ። ፊደሌ የተጣመመው እጄ ስለተጎዳ ነው። ሁለት ጣቴ ተቆርጧል፣ አልሞትም።

በዚህ ማርች አልመጣም። አክስትሽ ይመጣል ያለችሽ እኔ በይ ስላልኳት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ማርች እመጣለሁ። ሩቅ ነው፣ ሩቅ መሆኑን አውቃለሁ።

ያን ቀን እጅሽን የለቀቅኩት ሆን ብዬ ነው። ስታለቅሺ ማየት ስለፈራሁ ነው። መርፌው አይደለም የወሰደኝ። ብትወጊም ባትወጊም እሄድ ነበር። አንቺ ምንም አላጠፋሽም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

መርፌው ያማል። እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ሲራመዱ ደግሞ ይጎትታል። እኔ አሁን አውቀዋለሁ። ግን ካልተወጋሽ ልብሽ ይታመማል፣ እኔም ስመጣ አንቺን ላላገኝሽ እችላለሁ። ዓይንሽን አትጨፍኚ። ማን እንዳለ እያየሽ ተወጊ።

አባትሽ


ኬትሩዌ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1992

ወንድምዓለሜ፣

እግዜር ይማርህ። ለጣቶችህ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ስለደበቅከኝ ተሳደብኩ፤ ዱልሴሊና ምስክር ናት። ሴጉንዶን ሰላም በልልኝ፣ ሰው ነው።

ደብዳቤህ እሑድ ደረሰ። ወረቀቱን ለኖኤሚ አንድ ቃል ሳልነካ አነበብኩላት። ሩቅ ነው ያልክበት ጋ ስደርስ ተነሥታ የማገዶውን ክምር በእርግጫ መታችው። ጫፉ ተደረመሰ። ወጥታ ትሮጣለች ብዬ በሩን አየሁ፣ እሷም አየችው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። ከሄድክ ጀምሮ ስታለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያኔ ነው። ምን ላድርግ? ሠላሳ ዓመት ልጅ ስይዝ የኖርኩት ለመውጋት ነው፣ ሌላ አያያዝ አላውቅም። አጠገቧ ሄጄ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ቁጠሪ ያልኩሽ እሱን ለማሸሽ ነው» አልኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አደረገች። እስኪመሽ አልተነሣንም፤ እሳቱም ጠፋብን።

ማክሰኞ ሞተሩ ሲሰማ ቦት ጫማዋን አጠለቀች። ልትሮጥ ነው አልኩ። እሷ ግን «ነይ፣ ሳይሸሽ እንሂድ» አለችኝ፤ ባሕሩን ማለቷ ነው።

ጤና ኬላው ውስጥ የሠራሁትን ብትሰማ አታምነኝም። መርፌውን ለዶክተር ማግዳ ሰጠሁና ጋውኔን አወለቅኩ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ኖኤሚን ታቀፍኳት። «የቱን?» አለች ዶክተሯ። «ግራውን» አለች ኖኤሚ። «ያቃጥላል» አልኳት። «አውቃለሁ፣ አባዬ ጽፏል።» በሩን ክፈቱት አለች፣ ተከፈተ። ወደቡ ይታያል። ዓይኗን ሳትጨፍን ወደቡን አየች፣ ዶክተሯን አየች፣ እኔን አየች። መርፌው ሲገባ ክንዴን ነከሰችኝ፣ የጥርሷ ምልክት አሁንም አለ። አለቀሰች። አልሮጠችም። ሲያልቅ ልነሣ ስል «ቆዪ» አለችኝ፤ ቆየሁ። በሩ ጋ ሁለት ልጆች አንገታቸውን አስግገው ፊሎሜና ያለ ጋውን ምን እንደምትመስል ሲያዩ ነበር።

ልቧን ልንገርህ፣ አላለሰልስም። ድምፁ አልጠፋም። አልጨመረምም። እስከ በረዶው ወራት ካልጨመረ አብሮአት ይኖራል እንጂ አይገድላትም ብላለች ዶክተር ማግዳ። እንግዲህ በየሃያ ስምንት ቀኑ አንድ አንድ እርምጃ ነው። መንገዱ እስኪዘጋ በየጊዜው እጽፍልሃለሁ፤ መጥፎም ከሆነ እጽፍልሃለሁ።

ወደ ቤት የተመለሰችው እያነከሰች ነው። እራት ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠችና አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ሆስፒታል ተኝተህ ሲወጉህ ያቀፈህ ማን እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች። አላውቅም አልኳት። «ጠይቂልኝ» አለችኝ።

ይኸው ጠየቅኩህ።

ፊሎሜና